አቤት ያላለችው ጽጌረዳ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም፤ ግማሾቹ ፈቃድ አልሰጡኝም፣ አንዷን ደግሞ ከእንግዲህ ልጠይቃት አልችልም። ግን ማን ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት።

የመጀመሪያው እኔ ነኝ። መርሳ ከተማ፣ በመስኖ ለሚያለሙ ገበሬዎች የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ፤ የሰፈራችን ቅሬ ዳኛም ነበርኩ። ቅሬ በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ሐዘንተኛውን የማይለይ ማኅበር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ልጄ አንደኛ ክፍልን ስትጨርስ የጣለችውን መጽሐፍ አንስቼ ጀመርኩ። ከዚያ እሷ አንድ ክፍል ባለፈች ቁጥር እኔ በዓመቱ እየተከተልኩ የአሥረኛ ክፍልን መጻሕፍት ሁሉ አነበብኩ። በዚህ እኮራለሁ። ኩራቱ ለጥፋቱ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ስለሆነ ከወዲሁ ልናገረው።

ሁለተኛዋ ይህችው ልጄ ናት። ወልዲያ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሦስተኛው የቅሬው ጸሐፊ ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ ክርስቲያን፣ ከልጅነት ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ። እኔ ቁም ነገር ሳወራ እሱ ይቀልዳል። አራተኛዋ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ መኪና መንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን እየሸጠች ልጅ ያሳደገች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ፊት ለፊት እቴቴ እና አንቱ እላታለሁ፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ። አምስተኛዋ የእሳቸው ልጅ ናት። የልጄ አብሮ አደግ ናት፤ ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች።

ስድስተኛም አለ፤ እሱ ግን ሰው አይደለም። እሱን ከሰው ቆጥሬ አምስተኛዋን ከሰው ሳልቆጥር በመቅረቴ ነው ይህን የምጽፈው።

ልጅቷ የሄደችው በደላላ ነው። ልትሰናበተኝ ወደ ሱቄ ስትመጣ ፓምፕ ፈትቼ እጄ በግራሶ ተጨማልቆ ነበር። ቀና ብዬ አየኋትና፣ ሁለት ደንበኞች እየሰሙ፣ «በደላላ የሚሄድ ሰው ራሱን የሸጠ ነው፤ ስምሽን በቅሬው መዝገብ ላይ አልጽፍም» አልኳት። አገር ለቆ የሄደ አባል ስሙ መዝገብ ላይ ከቆየ ቤተሰቡ ችግር ሲገጥመው ቅሬው ስለሚደርስለት ነገሩ ቀላል አልነበረም። ምክሬ ትክክል ነበር፤ ዛሬም በደላላ መሄድ ትክክል ነው አልልም። ግን ምክር ያልኩት ነገር ስድብ ነበር፤ ሰው ፊትም ነበር። ልጅቷ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ከጦርነቱ በኋላ የሰፈራችን ልጆች በየአገሩ ተበተኑ። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ፣ ሰው ሞቶ ዘመዱ ሳይሰማ ወር ሲያልፍ አይተናል። ስለዚህ ስልኩ ሲመለስ ልጄ በአንዱ ማኅበራዊ ገጽ ላይ ለቅሬው ግሩፕ ከፈተች። ስልኬ ላይ አካውንት አወጣችልኝ፤ ስሙን «የቅሬ ዳኛ» በይው አልኳት። «አባባ፣ የራስዎ ስም ይሻላል» አለችኝ። «የምጽፈው ለራሴ አይደለም፣ ለማኅበሩ ነው» አልኩ። ነገሩ ያኔ ትልቅ አልመሰለኝም።

ግሩፑ ጥሩ ሠራ፤ ሐራ ያለው ዘመድ ጥሪ በሰዓቱ ይሰማል፣ ጅዳ ያለው ልጅ ያባቱን ቀብር ፎቶ ያያል። እስከ አንድ ቀን ድረስ። በዚያ ቀን ማንነቱን የማናውቀው አካውንት ግራና ያሉ አንድ ሽማግሌ ዐረፉ ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ያማረ ነበር፤ «ለመላው ወዳጅ ዘመድ መጽናናትን እንመኛለን» ይላል። ከሐራም ከውርጌሳም ሰው በሚኒባስ ተሳፍሮ ግራና ወረደ። እኔና ጸሐፊውም ደረስን። ግቢው ባዶ ነው፣ ድንኳን የለም። ሴቶቹ ማልቀስ ሲጀምሩ ሽማግሌው ራሳቸው አካፋ ተሸክመው ከማሳቸው መጡ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ጸሐፊው ብቻ፣ «አንቱ ኖት» አላቸው።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና፣ «እኔ አልሰማሁም» አሉ።

ተሳቀ። ውርጌሳ ያሉት እኅታቸው ግን ወሬውን ሲሰሙ ወድቀው ወገባቸው ተጎድቶ ነበር፤ እስካሁንም በደንብ አይሄዱም። እኔ የሳቅሁት ይህን ከመስማቴ በፊት ነው።

ቅዳሜ ልጄን ጠየቅኋት። «ይሄን የጻፈው ሰው ላይሆን ይችላል» አለችኝ። «ቦት ይሉታል። የድሮ የሐዘን ጽሑፍ ይወስድና ስሙን ቀይሮ በየግሩፑ ይለጥፋል። ከሥር ያለውን ሊንክ ሰው እንዲነካለት ነው።»

«ሰው ካልሆነ ማን ያዘዋል?»

«የሆነ ቦታ ያለ ሰው። ከዚያ በኋላ ግን ማሽኑ ብቻውን ይጽፋል፤ ይመልሳል፤ ሰላምታም ይሰጣል።»

ይህ አናደደኝ። ፓምፕ ቢሆን ፈትቼ ውስጡን አየዋለሁ። እንደዳኛ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ መጀመሪያ አድሚን የነበሩትን ልጄንና ጸሐፊውን አወረድኩ፤ በሩን ብዙ ሰው ሲይዘው ነው ሌባ የሚገባው ብዬ ነበር። ብቻዬን አድሚን ሆንኩ። ቀጥዬ የቅሬውን ሥርዓት ወደ ግሩፑ አመጣሁ።

ሥርዓታችን እንዲህ ነው። ቀብር ላይ ዳኛው መዝገቡን ከፍቶ ስም ይጠራል፣ የመጣ «አቤት» ይላል፣ ያላለ ይቀጣል። አባቶቻችን ቦት አያውቁም እንጂ ሰው መሆንን የሚያጣሩት እንዲህ ነበር፤ በአካል መጥቶ፣ በራሱ ድምፅ። እሑድ ጠዋት ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። «እያንዳንዱ አባል እስከ ጁምዓ የከሰዓቱ ዐስር ሰላት ድረስ አቤት ይበል። ሰላምታ ያቅርብ፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ይጻፍ። ይህን ያላደረገ ሰው አይደለምና ይወጣል።»

መልስ መጉረፍ ጀመረ። ቤሩት ያለው፣ «አቤት ዳኛ፣ ያለፈው ሠርግ ላይ ወጥ የጨረሰው ሰውዬ ልጅ ነኝ» አለ። አንዱ፣ «አቤት፤ አባባ፣ የቀረሁበት ቅጣት አብሮ ይማርልኝ?» ብሎ ጠየቀ። «አይማርም» ብዬ መለስኩ።

ረቡዕ ዕለት አንድ መልስ መጣ፤ ፎቶው ነጭ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ፣ የተከበሩ የቅሬያችን ዳኛ፣ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰቡ እንዴት ነው? ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እንደ እርስዎ ያለ አስተዋይ መሪ ስላለን አልሐምዱሊላህ እንላለን። አቤት ብያለሁ።» በመላው ግሩፕ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሰው አላየሁም። ለጸሐፊው አሳየሁት። እሱ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ አነበበና፣

«የማን ልጅ እንደሆነ እኮ አልጻፈም» አለ።

«ሰላምታውን አየህ? ይህን ያስተማረው ወላጅ አለው።»

«ጎረቤቱንም አልጻፈም።»

«ጨዋ ሰው ስለ ራሱ አያወራም።»

«አስተዋይ ስላለህ ነው የወደድከው» አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ሰውዬውን አሳለፍኩት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ሕጉን ለምስጋና ብዬ ያላላሁትም እኔ ነኝ።

ጁምዓ ከዐስር ሰላት መልስ ሱቅ ተቀምጬ ዝርዝሩን ሳጣራ አንድ ብቻ የምጠራጠረው ቀረ። ስሙ በማላነበው የዐረብኛ ፊደል የተጻፈ፣ የሰው ፎቶ የሌለው አካውንት። ከተከፈተ ጀምሮ አንድም ቃል ጽፎ አያውቅም፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር አንድ የጽጌረዳ ሥዕል ብቻ ይልካል። በዚያን ዕለትም ለስም ጥሪዬ መልስ ቢጫ ጽጌረዳ ልኮ ነበር።

«ይሄ ቦት ነው» አልኩ። «በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ነገር። ሰው እንዲህ አያደርግም።»

ጸሐፊው፣ «እኔ በየሳምንቱ በአንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» አለኝ። «እስቲ ተወው። አበባ ማንን ገደለ?»

«ሰላምታ አልሰጠም። አቤት አላለም።»

«ዲዳም እኮ ቅሬ አለው፤ እጁን ያነሳል። ይሄም እጁን ያነሳ መስሎኝ።»

«ሕግ ሕግ ነው» አልኩና አስወጣሁት። ጣቴ ስልኩን ሲነካ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። ቤት የጠረግሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ ልጄ መጣች። እንደልማዷ መጀመሪያ ወደ እቴቴ ቤት ገባች። ስትመለስ ስልኳን እያየች ነበር።

«አባባ፣ ጽጌረዳዋን ማን አስወጣት?»

«እኔ ነኝ። ማሽን ነው።»

ሱቁ በር ላይ ያለው የፓምፕ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። «የእቴቴ ልጅ ናት» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የምትሠራበት ቤት እመቤት ስልኳን ትፈትሻለች። ከአገሯ ሰው ጋር ስታወራ ካገኘቻት ስልኩን ትቀማታለች፤ አንድ ጊዜ አድርጋዋለች። ጁምዓ ቤተሰቡ ለሰላት ሲወጣ ልጅቷ ጥቂት ደቂቃ ታገኛለች። በግል ከጻፈች ይታወቅባታል። ብዙ ሕዝብ ባለበት ግሩፕ ውስጥ ግን አንዲት አበባን ማንም አይጠረጥርም። ጽጌረዳ ከመጣች ልጅቷ በሕይወት አለች፣ ደኅና ናት ማለት ነው። ልጄ ቅዳሜ ስትመጣ አበባዋን ለእቴቴ ታሳያቸዋለች። እሳቸው በዚያች አበባ ሳምንት ይከርማሉ። ግድግዳ እየተጋራን እኔ አላውቅም ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ምን ይሉ ነበር?»

በመዝገብ ያልጻፍኳት ልጅ ግሩፕ ውስጥ ምን ትሠራለች እንደምል ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ልጄ አካውንቱን ፈለገችው፤ ተዘግቷል። ልጅቷ ራሷ ነበረች ያጠፋችው። እመቤቷ ደርሳብኝ ነው ብላ ደንግጣ እንደነበር በኋላ ሰማን። ያኔ ግን ምንም አናውቅም። እኔ እንደልማዴ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ዐረብ አገር ላሉ የግሩፑ አባላት ሁሉ አንድ ጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ «የጎረቤቴን ልጅ የሚያውቅ፣ ያለችበትን የሰማ፣ በአላህ ስም ይንገረኝ።» ይህንኑ እየገለበጥኩ አንድ በአንድ ላክሁ። አርባ ለሚሆኑ ሰዎች ከላክሁ በኋላ ስልኩ እምቢ አለ። ጽሑፍ ወጣ፤ «ያልተለመደ እንቅስቃሴ ስላየን አካውንትዎን ዘግተናል። ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ።»

ልጄ አነበበችልኝ። ሁለተኛ ጊዜ ራሴ አነበብኩት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ስለላክሁ ማሽን ነህ ተባልኩ።

መጀመሪያ ትንንሽ ሥዕሎች አመጣልኝ፤ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ለይ አለኝ። መርሳ የትራፊክ መብራት የለም፤ ወልዲያም እኔ አላየሁም። የመሰለኝን ነካሁ፤ ተሳስተሃል አለኝ። ከዚያ ፊትህን አሳይ፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ ወደ ግራ ዙር አለኝ። የስልኬ ካሜራ ከዓመት በፊት ዘይት ውስጥ ወድቆ ደብዝዟል። ዞርኩ፤ አላየንህም አለ። ከዚያ መታወቂያ ጠየቀ። የቀበሌ መታወቂያዬን አንስተን ላክን። መልሱ ወዲያው መጣ፤ መታወቂያው ላይ ያለው ስምና የአካውንቱ ስም አይገናኝም፤ «የቅሬ ዳኛ» የሰው ስም አይደለም።

ሰኞ ወልዲያ ሄድኩ። ልጄ ከሥራ አስፈቅዳ አንዲት ስልክ የምትሸጥና የምትጠግን ሴት ዘንድ ወሰደችኝ። ሴትየዋ በጥሩ ስልክ ፊቴን ቀረጸች።

«አባቴ፣ ቀስ ብለው ይዙሩ። ተቆጥተው አይዩት፣ ማሽኑ ይደነግጣል።»

«አልተቆጣሁም፤ መልኬ ነው።»

ልጄ ያን ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። ስሙን ወደ ራሴ ስም ለውጠው መታወቂያውን እንደገና ላኩ። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ በመታየት ላይ ነው» የሚል መጣ።

«መቼ ያልቃል?» አልኩ።

«አይታወቅም» አለችኝ ሴትየዋ።

«የሚያየው ማን ነው? ሄጄ ላናግረው።»

«ማንም አይደለም አባቴ። ያም ማሽን ነው።»

«የማሽኑ የበላይ የለም? ሽማግሌ የሚላክበት?»

«ካለም እኔ አላውቀውም።»

ከሱቁ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ባጃጆች ያልፋሉ፣ ሰው ያልፋል፣ የሚያውቀኝ አንዱ ሰላም አለኝ። በሥጋዬ እዚያ ቆሜ፣ ላብ እያላበኝ፣ ሰው መሆኔን የሚቀበለኝ አጣሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ብዙ ቦታ ተዘግቶብኛል፤ በጦርነቱ ጊዜ ቤቴ ውስጥ ለሳምንታት ታስሬ ተቀምጫለሁ። ያን ጊዜ ግን የምፈራው ሰው ነበር፤ ሰው ደግሞ ይለመናል። ከዚያ አንድ ነገር ታወሰኝ። ጽጌረዳዋን ሳስወጣት እኔም ሽማግሌ የሚላክበት አላስቀረሁም። ለምን አበባ ብቻ ትልካለህ ብዬ አልጠየቅሁም። አንድ ቃል አልጻፍኩላትም።

ግሩፑ ያለ አድሚን ቆመ። የሚገባ የለም፣ የሚወጣ የለም። ልጄና ጸሐፊው የተጻፈውን ማንበብ፣ መጻፍም ይችላሉ፤ አዲስ ሰው ማስገባት የምችለው ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ እንዲያ እንዲሆን ያደረግሁት ራሴ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ውጭ ነኝ።

በማግስቱ ማክሰኞ እቴቴ ባሰባቸው። እግራቸው ካበጠ ቆይቶ ነበር፤ አሁን ትንፋሽ አጠራቸው። ባጃጅ ጠርተን፣ ከዚያም በመኪና ወልዲያ ሆስፒታል አስገባናቸው። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። የሚለውን ሁሉ ባልረዳም ፊቱን አነበብኩ። እሳቸው ስለ ራሳቸው አልጠየቁም። «ጁምዓ መቼ ነው?» ብቻ ነበር የሚሉት።

ጁምዓ መጣ። ልጄ ቀኑን ሙሉ ስልኳን ስታይ ዋለች። ምንም የለም። ቅዳሜ እቴቴ በግልጽ ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ የልጄ አበባ አልመጣችም?»

እኔ ውሸት አልወድም። ልጄን በልጅነቷ የቀጣኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በውሸት ነው። በዚያ ሳምንት ግን የእቴቴን ዓይን ስሸሽ ነበር የሰነበትኩት። ከክፍሉ ወጥቼ ልጄን፣ «የድሮዎቹ አበቦች ስልክሽ ላይ አሉ?» አልኳት።

«ምን ሊያደርጉልዎ?»

«አንዷን አውጪልኝ።»

«አባባ።» ስልኩን ግን ሰጠችኝ።

ራሴ መረጥኩ። ነጯ ጎላ ብላ ስለምትታይ እሷን ይዤ ገባሁ። «ይኸው መጣች እቴቴ» አልኳቸው። ስልኩን ዓይናቸው አጠገብ ያዝኩላቸው። እቴቴ ፊደል አያውቁም። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ነጭ ናት» አሉ።

«አዎ።»

«ልጄ ቀይ ትልካለች፣ ቀጥላ ነጭ፣ ቀጥላ ቢጫ። ከቢጫ በኋላ ተመልሳ ቀይ። ተራ ስታዛባ አይቻት አላውቅም። ያለፈው ቢጫ ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ይህች ነጭ ከልጄ አይደለችም። ማን ሰጠህ?»

ይህን ተራ ለማንም ነግረው አያውቁም፤ ልጄም አላስተዋለችውም። እኔ አሥር ክፍል አንብቤ፣ ሕግ አውጥቼ፣ ስም ጠርቼ ያልለየሁትን እሳቸው በሦስት ቀለም ይለዩት ነበር። ግሩፑን ያታለለውን ማሽን ስሳደብ ከርሜ፣ በሚያምኑኝ ሴትዮ ፊት የሰው መልእክት አስመስዬ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስም ጥሪውን፣ ቢጫዋን አበባ፣ ያስወጣኋት እኔ መሆኔን፣ አሁን ግን በሩ በእኔም ላይ እንደተዘጋ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ከድሮም በር መዝጋት ትወድ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ውሃ ጠየቁኝ፤ አጠጣኋቸው። ትንሽ ቆይተው፣ «ሲከፈትልህ ቀይዋን ፈልግ። ልጄ ከሆነች በቀይ ነው የምትመጣው» አሉ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ዐረፉ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከዙህር ሰላት በኋላ መርሳ ቀበርናቸው። ጸሐፊው ለሐራና ለውርጌሳ ሰዎች ቀብሩን በግሩፑ አስታውቆ ነበር። መዝገቡን ከፍቼ ስም ጠራሁ፤ ሁሉም አቤት አለ። ስጨርስ ጸሐፊው ወደ ጎን ጠርቶኝ ስልኩን አሳየኝ።

«ጨዋው ሰውዬህ ጽፏል» አለኝ።

ባለ ጋቢው ነበር። ለሐዘኑ ማስታወቂያ የመጀመሪያውን መልስ የሰጠው እሱ ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከብቱ፣ አዝመራው ደኅና ነው? እናታችንስ ራሳቸው እንዴት ናቸው? ሰላም ይበሉልኝ።» ከሥሩ ሊንክ አለው። ጸሐፊው ሊቀልድ አልነበረም ያሳየኝ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «እናመሰግናለን። ሰው መሆንዎ ተረጋግጧል።» ከቀብር በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ነው። ግሩፑን ስከፍት በር ላይ የቆመ አንድ የመግቢያ ጥያቄ ነበር። አዲስ አካውንት ነው፤ ፎቶው ቀይ ጽጌረዳ። ጥያቄው የተላከው ጁምዓ ነው። እንዲህ ይላል፤

«አቤት ጋሼ። አሰላሙ ዐለይኩም። ባለፈው መጻፊያ ጊዜ አጥቼ ነው። የጎረቤትዎ ልጅ ነኝ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ስሜ መዝገቡ ላይ ባይጻፍም ሰው ነኝ። ቢያስገቡኝ ሌላ ነገር አልጽፍም፣ አበባዬን ብቻ ነው የማስቀምጠው። እናቴ ትጠብቃለች።»

ሰላምታ ሰጥታለች። የማን ልጅ እንደሆነች ተናግራለች። ጎረቤቷን ጠርታለች። ከግሩፑ ሁሉ ጥያቄዬን አሟልታ የመለሰች እሷ ናት።

ጸሐፊው የሐዘኑን ማስታወቂያ ካጠፋ በኋላ አስገባኋት። መርዶ በእኛ አገር ማለዳ ሽማግሌዎች ቤት ሄደው፣ ሰውየውን ይዘው፣ ተቀምጦ የሚነገር ነገር ነው። እሷ ያለችበት ቤት ግን ሽማግሌ አይገባም። ልጄ ስልክ ቁጥሬን ግሩፑ ላይ ለጠፈችላትና ጁምዓ ደወለች። ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ ይወርዳል፤ ድምፅ እንዳይሰማ ከፍታው ነው።

«ጋሼ፣ እናቴ ቀይዋን አየቻት?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። አይታለች ብላት ማንም አያጣራብኝም።

«አላዩዋትም ልጄ። ሰኞ ዐረፉ። ስትመጪ በሩን ዘግቼብሽ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

አላለቀሰችም፤ ወይም በውሃው ድምፅ አልሰማሁም። «ያለፈው ጁምዓ ነው የላክሁት» አለች፣ ለራሷ ይመስል። ከዚያ፣ «ጊዜዬ አልቋል ጋሼ» ብላ ዘጋችው።

በሳምንቱ ቅሬው ተሰበሰበ። ዳኝነቱን አስረከብኩ። ግሩፑን ልጄና ጸሐፊው ይዘውታል፤ ባለ ጋቢውን ያስወጡት እነሱ ናቸው። የልጅቷን ስም በራሴ እጅ መዝገብ ላይ ጻፍኩ፤ ከእናቷ ስም ቀጥሎ። በእናቷ ስም ላይ መስመር ተሰምሮ ነበር። ከዚያ ቅጣቴን ጠየቅሁ። ድንኳን ላጠፋ፣ ቀብር ለቀረ ቅጣት አለው፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ደንብ የለንም። «ይቅር፣ ተጸጽቷል» ያለም ነበር። ይቅርታውን አልተቀበልኩም። በቅሬያችን አንድ ጥፋት ከመዘጋቱ በፊት ጸሐፊው የደረሰውን ጉዳት ደምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ የሚከፈል ይኑርም አይኑር። ይህ እንዲደረግ ጠየቅሁ።

ጸሐፊው መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ጓደኛዬ ነውና ያቀልልኛል ብዬ ነበር፤ አላቀለለልኝም፣ አላከበደብኝምም። ልጅቷ ከበር የቆመችበትን ቀን ጠየቀኝ፤ ጁምዓ አልኩት። እናቷ ያለፉበትን ያውቀዋል፤ ሰኞ ነው። ጻፈና አነበበ። እናት ልጇ በደጅ ሳለች ሳታውቅ የኖረችው፣ ልጅ እናቷ በሕይወት ሳለች ልትደርስላት ስትችል ያልደረሰችው፣ እኛ ሁላችን መካከላቸው ቆመን ያስቀረነው፤ ድምሩ ሦስት ቀን።